የተራራ ብስክሌት ሰርቪስ፦ በራሳችን ወይስ በመካኒክ?

ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ የተራራ ብስክሌት ለሚነዳ ሰው ጉዳዩ የብር ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ወስዶ ለማሠራት መንገዱ ራሱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ካቴና ማጽዳትና መቀባት ያለ ጥርጥር የራስ ሥራ ነው። የክረምቱ ጭቃ ከቅባት ጋር ሲቀላቀል ካቴናውንም ጥርሱንም እንደ ሞረድ ይበላል። ስለዚህ ነድታችሁ ስትመለሱ ጥረጉት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ጥቂት ጠብታ የካቴና ቅባት አድርጉበት። የሞተር ዘይት ግን አቧራ ስለሚሰበስብ አይሁን። የካቴና መለኪያም ግዙ። ባለ 11 እና ባለ 12 ማርሽ ከሆነ 0.5 በመቶ ሲለጠጥ ይቀየር። ከዘገያችሁ በጣም ውድ የሆነውን የኋላ ጥርስ ይዞ ይሄዳል።

ካላማዳሪያ ጎሚስታም ይለጥፋል። ግን ጣርማበር ቁልቁለት መሃል ላይ ጎሚስታ ከየት ይመጣል? ልመዱት።

ፍሬን ላይ ነገሩ ለሁለት ይከፈላል። ሸራ መቀየር ቀላል ነው፤ ወደ ደብረ ሲና ከመውረዳችሁ በፊት ውፍረቱን እዩ። ከዘይት ፍሬን አየር ማስወጣት ግን ለለመደው ሰው ይሰጥ። እሱንም ቢሆን ምን ዘይት እንደሚጨምር ጠይቁት። ሺማኖ የተባለው የብስክሌት ዕቃ አምራች ፍሬን የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው። የመኪና ፍሬን ዘይት ከገባበት ጎሚኒዎቹ ይበላሻሉ፣ ፍሬኑም ቁልቁለት ላይ ሊከዳችሁ ይችላል።

የፊት አሞርዛተርን መፍታት ለመካኒክ ተዉት። ራጂ (ቸርኬውን የሚወጥረው ሽቦ) ግን ትንሽ ከላላ ሩብ ዙር እያጠበቃችሁ ሞክሩት።