ለመኪና ስክሪን ማቀፊያ፦ ፖሊስተር ሬዚን ከፋይበርግላስ ጋር

ባለ 7 ኢንች ስክሪን ዳሽቦርድ ላይ ለመግጠም ግማሽ ሊትር ፖሊስተር ሬዚን (ማጠንከሪያ ሲቀላቀልበት የሚደርቅ ፈሳሽ ፕላስቲክ) እና በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን የፋይበርግላስ ምንጣፍ ይበቃል። ዋጋው ከሌላው የሬዚን ዓይነት ከኢፖክሲ ይረክሳል። ኢፖክሲ ደግሞ የዚህን ምንጣፍ ክሮች የያዘውን ማያያዣ ስለማያሟሟው ምንጣፉ ጥግ ላይ አልታጠፍ ይላል።

የዕቃው ክፉ ጠባይ ማጠንከሪያው ነው። ለ100 ግራም ሬዚን ከ1 እስከ 2 ግራም ብቻ! በዓይን ግምት የጨመረ ሰው ወይ ሲጣበቅ የሚውል ማቀፊያ ያገኛል፣ ወይ ኩባያው ውስጥ እየጨሰ ይደርቅበታል። በመርፌ ሲሪንጅ ይለካ፤ ዓይን ስለሚያጠፋም መነጽር ግድ ነው።

ዳሽቦርዱን በወረቀት ፕላስተርና በአልሙኒየም ፎይል ሸፍኖ ሰም መቀባት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሬዚኑ ከፕላስቲኩ ጋር ይጣበቃል። በላዩ በሬዚን የራሰ ምንጣፍ 3 ድርብ ይበቃል። ነጭ ነጥብ ከታየ አየር ታፍኗል ማለት ነው፤ ሳይደርቅ በብሩሽ ጫፍ መምታት ነው። ሲደርቅ ስለሚኮማተር የስክሪኑ መግቢያ ክፍተት በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ሰፋ ይበል። ከዚያ ስቱኮ፣ ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80፣ 180፣ 320 በተራ።

ሽታው ከባድ ነው፤ ዝግ ክፍል ውስጥ አይሞከርም።