ለአሮጌ ላፕቶፕ የትኛው ይሻላል፦ ኮምፓክት ፍላሽ፣ ኤስዲ ወይስ ኤምሳታ?

አሮጌ ላፕቶፕ ማደስ የጀመረ ሰው ቀድሞ የሚያስቸግረው ሃርድ ዲስኩ ነው። ለሃያና ሠላሳ ዓመት ሲሽከረከር የኖረ ዲስክ መጀመሪያ ድምፁ ይቀየራል፣ ከዚያ ይንቋቋል፣ አንድ ቀን ጭራሽ አልነሳም ይላል። በአይዲኢ (የድሮ ኮምፒውተሮች ዲስካቸውን የሚያገናኙበት መስመር) የሚሠራ አዲስ ሃርድ ዲስክ ከገበያ ስለጠፋ ምትኩ ፍላሽ ነው። ለዚህም ሦስት መንገድ አለ፤ ኮምፓክት ፍላሽ፣ ኤስዲ ካርድ ወይም ኤምሳታ ኤስኤስዲ (በትንሽ ቦርድ ላይ የተሠራ የማይሽከረከር የኮምፒውተር ዲስክ)፣ እያንዳንዱ ከነአዳፕተሩ።

ብዙ ሰው ፍጥነታቸውን ብቻ አወዳድሮ ይገዛል። እኔ ከፍጥነቱ በፊት መታየት ያለበት ላፕቶፑ ላይ የምትጭኑት ሲስተም ነው ባይ ነኝ። ለዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ሲስተም) ማሽን የሚመቸው ካርድ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ያሰለቻል፤ ለኤክስፒ የሚመቸውን ደግሞ የዶስ ዘመን ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ ዲስኩን የሚለየው ፕሮግራም) ላያውቀው ይችላል።

ዶስ፣ ዊንዶውስ 3.1 ወይም ዊንዶውስ 95 ለምትጭኑ ምርጫዬ ያለማመንታት ኮምፓክት ፍላሽ ነው። ሳንዲስክ በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ካርድ ራሱ በአይዲኢ መሥራት ስለሚችል አዳፕተሩ ሽቦ ከማገናኘት ያለፈ ሥራ የለውም፤ መሃል ገብቶ የሚያስተረጉም ቺፕ የለም። ግን ሁለት ነገር ሳታጣሩ አትግዙ።

አንደኛው የአዳፕተሩ ሽቦ ነው። በርካሽ ከሚሠሩት አንዳንዶቹ ለዲኤምኤ (ዳታ በፕሮሰሰሩ ሳያልፍ በቀጥታ ከሜሞሪ ጋር የሚመላለስበት መንገድ) የሚያስፈልጉትን ሁለት መስመሮች ሳያገናኙ ይተዋቸዋል። ዶስ በፒአይኦ (ፕሮሰሰሩ ራሱ ዳታውን በሚያመላልስበት መንገድ) ስለሚሠራ ችግሩ አይታይም። ዊንዶውስ ግን ዲኤምኤ ልጠቀም ሲል ማሽኑ ቀጥ ይላል። በፒአይኦ ብቻ ቢሠራ ደግሞ የእነዚህ ላፕቶፖች ጣሪያ በሰከንድ 16.6 ሜጋባይት ነው፤ ለዶስ ይተርፋል፣ ለኤክስፒ አይበቃም። ሁለተኛው ካርዱ ራሱን ለማሽኑ የሚያስተዋውቅበት መንገድ ነው። ለካሜራ የተሠሩት አብዛኞቹ ተነቃይ ዲስክ ነን ይላሉ። ኤክስፒ በተነቃይ ዲስክ ላይ ከመጀመሪያው ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) በቀር ሌላውን አያሳይም። ካርዱን ለኤክስፒ የምትፈልጉት ከሆነ ለኢንዱስትሪ የተሠራና መግለጫው ላይ «ፊክስድ ዲስክ» የተባለውን ፈልጉ።

ኤስዲ ካርድ አይዲኢ ስለማያውቅ አዳፕተሩ ላይ የተቀመጠ ቺፕ ነው የሚያገናኘው። ማሽኑ የሚያየው ቺፑን በመሆኑ ብዙ ጊዜ እንደ ቋሚ ዲስክ ይቀበለዋል፤ ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። ፍጥነቱ ግን ቢበዛ በሰከንድ 25 ሜጋባይት አካባቢ ይቆማል፣ ውድና ፈጣን ካርድ ብትገዙም ለውጥ አታዩም። ከዚህ የባሰው ትንንሽ ፋይሎችን ሲጽፍ ነው። ካርዱ ትልልቅ ፎቶና ቪዲዮ በተከታታይ እንዲቀበል ስለተሠራ፣ ኤክስፒ ከጀርባ ያለማቋረጥ ሲጽፍበት የማውሱ ቀስት እንኳ ስክሪኑ ላይ እየተቆራረጠ ይሄዳል። ኤስዲን የምመክረው ዛሬ ዶስ፣ ነገ ሊኑክስ እያለ ሲስተም መቀያየር ለሚወድ ሰው ነው። ካርዱን አውጥቶ አዲስ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ በጣም ቀላል ነው።

ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተሠሩት፣ ኤክስፒ ለሚጫንባቸው ላፕቶፖች፣ ኤምሳታን የሚወዳደረው የለም። እዚህም መሃል ላይ ቺፕ አለ፤ ነገር ግን ከኋላው ያለው እውነተኛ ኤስኤስዲ ነው፤ ትንንሽ ፋይል አያደናቅፈውም፣ ጽሕፈቱንም በየሴሉ እያከፋፈለ ዕድሜውን ያራዝማል። ኤክስፒ ትሪም (የተሰረዘ ፋይል ቦታው ነፃ መሆኑን ለኤስኤስዲው የሚነግር ትእዛዝ) ስለማይልክ ከዲስኩ የተወሰነውን ቦታ ሳትከፋፍሉ ባዶ ተዉት። አንድ ማስጠንቀቂያ ለቲንክፓድ ቲ43 ባለቤቶች፦ ይህ ማሽን ቦርዱ ላይ ራሱ የሳታ (አይዲኢን የተካው የዲስክ መስመር) መቀየሪያ ስላለው ካልተፈቀደ ዲስክ ጋር ሲገናኝ ስህተት 2010 የሚል መልእክት ያወጣል። አዳፕተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

መጠንን በተመለከተ ትልቅ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ከ1994 እ.ኤ.አ. አካባቢ በፊት የተሠሩ ብዙ ማሽኖች ከ504 ሜጋባይት በላይ አያዩም፤ ቀጥሎ የመጡት 8.4 ጊጋባይት ላይ፣ ከእነሱ በኋላ የመጡት ደግሞ 137 ጊጋባይት ላይ ይቆማሉ። የዶስ ፋት16 (ዶስ ፋይሎችን የሚያደራጅበት ዘዴ) ፓርቲሽን ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። ስለዚህ ለዶስ ማሽን 512 ሜጋባይት (በማሽኑ አቆጣጠር ከ504 በታች ነው) ወይም 2 ጊጋባይት ካርድ፣ ለኤክስፒ ማሽን 128 ጊጋባይት ኤምሳታ ከበቂ በላይ ነው፤ የኋለኛው ከ137 በታች ስለሆነ አያስቸግርም።

ስትገጥሙት ደግሞ ዓይናችሁን ማገናኛው ላይ አድርጉ። የላፕቶፕ አይዲኢ በ2 ሚሊሜትር ርቀት የተደረደሩ 44 ፒኖች አሉት። ከእነሱ በትንሽ ክፍተት ተነጥለው ማስተርና ስሌቭ (በአንድ መስመር ካሉ ሁለት መሣሪያዎች አንደኛውና ሁለተኛው) የሚመረጥባቸው አራት ፒኖች አሉ። ፒን 1 ከእነዚህ አራቱ ጎን ነው፤ 5 ቮልቱ በሌላኛው ጫፍ 41 እና 42 ላይ ይመጣል። አዳፕተሩን አንድ ረድፍ አሳልፋችሁ ወይም ገልብጣችሁ ብትሰኩት ኤሌክትሪኩ በማይሆን ፒን ገብቶ ካርዱን ያቃጥለዋል። ሲዲ ማንበቢያው ከዲስኩ ጋር በአንድ መስመር ላይ ያለበት ላፕቶፕ ከሆነ፣ ማስተርና ስሌቭ መምረጫ የሌለው አዳፕተር አትግዙ።

በ1991 እ.ኤ.አ. የወጡት የአፕል ላፕቶፖች ፓወርቡክ 100፣ 140 እና 170 ዲስካቸው ስካዚ (ከአይዲኢ የተለየ የዲስክ መስመር) ስለሆነ ከላይ ያሉት አዳፕተሮች ሦስቱም አይሠሩላቸውም። ለእነሱ እንደ ብሉስካዚ ያለ ከኤስዲ ካርድ የሚያነብ ቦርድ ነው የሚገዛው፣ ያውም ለላፕቶፕ ማገናኛ የተሠራው ዓይነት፤ የዴስክቶፑ አይገጥምም።