ድሬ ላይ አሥር ወር በኤልኢዲ አምፖል

መጋቢት 2017 መጀመሪያ ላይ የቤታችንን አምፖሎች ሙልጭ አድርጌ በኤልኢዲ፣ በዚያ ትንሽ ኃይል በሚበላው አዲሱ ዓይነት ቀየርኩ። ሰባት ናቸው። ሳሎን ሁለት፣ መኝታ ቤት ሁለት፣ ኩሽና፣ ሽንት ቤትና ግቢ። ሁሉም እነዚያ ሲነኩ የሚያቃጥሉት የድሮዎቹ ነበሩ። ባለ 60 ዋት፣ የሽንት ቤቱ 40፣ የግቢው 100። አሁን ጥር 2018 ነው። ያስደሰተኝንም ያናደደኝንም ለማውራት አሥር ወር የሚበቃ ይመስለኛል።

ያነሳሳኝ ቢሉ አይደለም፤ ሙቀቱ ነው። ድሬን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ግንቦት ሲገባ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እንኳ ግድግዳው ይተነፍሳል። የድሮ አምፖል ደግሞ ከሚወስደው ኃይል ወደ ብርሃን የሚቀይረው ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም። የቀረው ሙቀት ነው። የሳሎኑ ሁለት አምፖሎች 120 ዋት ይበላሉ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ገላ ወደ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ እኛ በየምሽቱ አንድ ላብ በላብ የሆነ ተጨማሪ እንግዳ ሳሎን አስቀምጠን ነበር ቡና የምንጠጣው።

ታዲያ ቤቱ ቀዘቀዘ ወይ? አምፖሉ ሥር ለሚቀመጥ ሰው፣ አዎ። የእናቴ ወንበር ከአንዱ አምፖል በታች ነው። "አናቴ ላይ የነበረው ምድጃ ተነሳልኝ" አለች። ቤቱ በሙሉ ቀዘቀዘ ብዬ ግን አልዋሽም። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ሲመልሰው አምፖል ብቻውን ምን ያመጣል? ቬንትሌተሩ አሁንም አያርፍም።

ቆጣሪው ላይ የታየው ለውጥ ግን ቀልድ አይደለም። በየወሩ መጀመሪያ ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ አነሳለሁ። የማየው ብሩን ሳይሆን የፈጀነውን ኃይል፣ ኪሎዋት ሰዓቱን ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ ይላል። በብር ካሰባችሁት የቆጠባችሁትን ታሪፉ ይበላውና ምንም ያልተለወጠ ይመስላችኋል። ከመቀየሬ በፊት፣ ጥርና የካቲት ላይ 212 እና 208 ነበርን። ሚያዝያ ላይ 151 ሆነ። ግንቦት ላይ በቬንትሌተሩ ምክንያት ወደ 163 ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ 150 አካባቢ ይዋልላል። ምጣዱም፣ ፍሪጁም፣ ቴሌቪዥኑም እንደነበሩ ናቸው።

አብዛኛውን የቆጠበልኝ ሳሎን መስሎኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳሰላው የግቢው አምፖል ሆኖ ተገኘ። 100 ዋት በቀን 12 ሰዓት ሲበራ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የቤት ውስጦቹ ስድስቱ ተደምረው ያን አያህሉም፤ ማታ ለጥቂት ሰዓት ነው የሚበሩት። አሁን በቦታው ያለው ባለ 12 ዋት ነው፤ በወር አምስት ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ለሰባቱም 1,320 ብር ነበር የከፈልኩት፤ ዓመት ሳይሞላ መልሶልኛል። ሁሉንም ባንዴ ለመቀየር እጅ ያጠረው ሰው ከጠየቀኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያድረውን ቀይር እለዋለሁ።

ግን ቀድሞ የሞተውም እሱው፣ የግቢው ኤልኢዲ ነው።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። ሁለት ቀን እንደ ሠርግ ቤት ብልጭ ድርግም ሲል ከረመና ጭልም አለ። ካርቶኑ ላይ 25,000 ሰዓት ተብሎ ተጽፏል። ሦስት ወር ተኩል፣ በቀን 12 ሰዓት፣ ወደ 1,260 ሰዓት ይመጣል። የድሮው አምፖል እንኳ 1,000 ሰዓት ገደማ ይሠራል። ይዤው ወደገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ወደ ስድስት ሰዓት ነው፤ ልጁ ለምሳ ሊዘጋ በሩን ገፋ አድርጎታል። አገላብጦ አየውና "አቦ! መብራቱ ነው የገደለው፣ አምፖሉ ምን አደረገ?" አለኝ። ዋስትናስ? "እሱ ለቤት ውስጥ ነው።" ካርቶኑ ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም። አልተከራከርኩም። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚከራከር የድሬ ሰው አላየሁም።

ቤት ስገባ ነጩን ክዳን በቢላ ጫፍ ፈነቀልኩት። ውስጡ ክብ የአልሙኒየም ዝርግ አለ። በላዩ ላይ የምስር ክክ የሚያካክሉ ቢጫ ነጠብጣቦች ዙሪያውን ተደርድረዋል። አንዷ መሀሏ ላይ ጥቁር ነጥብ አለባት፤ በመርፌ ተወግታ የተቃጠለች ትመስላለች። ብርሃኑ ከሥር ሲወጣ ሰማያዊ ነው፤ ነጭ የሚያስመስለው ከላይ የተለበጠው ቢጫ ነገር ነው። ያ ሰማያዊ ብርሃን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የሚባሉ ሦስት የጃፓን ተወላጆች እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት በሱ ነው። እኔ ጋ ሲደርስ በሦስት ወር ተኩል ተቃጠለ።

ነጠብጣቦቹ እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር የተያያዙ ናቸው። አንዷ ስትበጠስ ሁሉም ይጠፋል። ሰፈራችን ሬዲዮ የሚጠግን ልጅ አለ። ጥቁሯ ላይ ትንሽ የብየዳ እርሳስ ጠብ አድርጎ በላይዋ አሻገራትና አምፖሉ በራ! 30 ብር ተቀበለኝ። ደስታዬ ሦስት ሳምንት አልሞላም። የሞተችውን ሸክም የተቀሩት ተካፍለው ሲሸከሙ ይመስለኛል፣ ሌላዋም ተከተለች።

ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው። የኤልኢዲ ብርሃኑ አያቃጥልም እንጂ ወገቡ ይግላል፤ ያ ሙቀት መውጫ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ የሰቀልኩት ጥብቅ ያለ የብርጭቆ ግሎብ ውስጥ ነው። የድሮው አምፖል እዚያ ውስጥ ምንም አይሆንም ነበር፣ እሱ ራሱ እሳት ነው። ኤልኢዲው ግን ወገቡ ውስጥ ትንንሽ ዕቃዎች አሉት፤ በተለይ ካፓሲተሯ፣ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅመው፣ ሙቀት ሲበዛባት ትደርቃለች። ሁለተኛውን እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ስገዛ ግሎቡን አውልቄ ጣልኩት። ዝናብ እንዳያገኘው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ባዶውን ሰቀልኩት። ስድስት ወር አልፎታል።

ሁለተኛውን ስገዛ ትንሽ ነቅቻለሁ። ዋቱን ትቼ ሉመኑን፣ ማለትም የብርሃኑን መጠን አነበብኩ፤ 800 ሉመን ገደማ ከሆነ የድሮውን 60 ዋት ይተካል። በእጄም መዘንኩት። እንደ ፈንድሻ የቀለለውን መለስኩ፣ ሙቀት የሚያወጣለት ብረት የለውም ብዬ። ሱቅ ውስጥ አስበርቼም በስልኬ ካሜራ አየሁት። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከሮጡ ብርሃኑ ይርገበገባል ማለት ነው፤ ዓይን ባያየውም አንዳንዱን ሰው ራሱን ሊያመው ይችላል።

አንድ ያስፈራን ነገርም ነበር። የእናቴ መኝታ ቤት አምፖል ማብሪያው ተጠፍቶም ሌሊት ፍዝዝ ብሎ ይበራል። "ጠፍቶም ያየኛል" ብላ ሁለት ሌሊት ሳሎን አደረች። ኤሌክትሪሻን ስንጠራ ማብሪያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን፣ መመለሻውን ሽቦ ኖሯል፤ ፌዙ፣ ኃይል ያለበት ሽቦ፣ ሁሌም አምፖሉ ድረስ ይደርሳል። የድሮው አምፖል በዚያች ጭላንጭል ኃይል ስለማይበራ ዓመታት ሙሉ አላወቅንም። አጠፋሁ ብለን አምፖል ስንቀይር እጃችን ከሞት ጋር ሲጫወት ነበር ማለት ነው። መስመሩን አዟዟረው፣ አምፖሉም መፍዘዙን ተወ።

ያጣነውም ነገር አለ። ድሮ የጎረቤት ምጣድ ሲሰካ ወይም ማታ ኃይል ሲወርድ አምፖላችን ይቀላ ነበር። ቀላ ሲል እናቴ ማንም ሳይነግራት ተነስታ ፍሪጁን ትነቅላለች። ኤልኢዲው ግን ኃይሉ ወረደ አልወረደ እኩል ይበራል። ይህን በካርቶኑ ላይ እንደ ጥቅም ነው የጻፉት። ጥቅምት ላይ አንድ ምሽት ብርሃኑ ፍክት እንዳለ የፍሪጁ ሞተር ሲያቃስት ሰማሁ። ሮጬ ነቀልኩት። አሁን ስታቢላይዘር ገዝተናል፤ ዋጋው አምፖሎቹ የቆጠቡትን ጠቅልሎ ሊወስደው ምንም አልቀረው።

ቀለሙ? ነጩን ሳሎን ማስገባት ስህተት ነበር። የመጣ እንግዳ ሁሉ ፋርማሲ ተሰልፎ መድኃኒት የሚጠብቅ ይመስላል። ካርቶኑ ላይ የቀለም ቁጥሩ 6500 ከሚለው ነጭ ወደ 3000ው ቢጫ ስቀይረው ሳሎኑ ቤት ቤት አለ፤ ነጮቹን ወደ ኩሽና ሰደድኳቸው። ግቢ ላይም ቢጫው ይሻላል፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ብር የሚለው ነፍሳት ቀንሷል። ቢንቢን ግን አምፖል አያባርርም፤ አጎበራችሁን እንዳታወርዱ።

ባትሪ ያለውን አምፖልም ሞክሬ ነበር። መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ላይ ሦስት ሰዓት ያበራ ነበር፤ ዛሬ አንድ ሰዓትም አይሞላም። ደግሜ አልገዛውም።

ከወረዱት የድሮ አምፖሎች ሁለቱን እናቴ በጋዜጣ ጠቅልላ አስቀምጣቸው ነበር። ታኅሣሥ ላይ ጎረቤታችን ጫጩት አመጣችና ሌሊቱ ቀዘቀዘባት። ኤልኢዲ ሰቅላ ጫጩቶቹ ጥግ ላይ ተደራርበው አደሩ። በማግስቱ እናቴ አንዱን 60 ዋት ከጋዜጣው ፈታ ሰጠቻት። ማታ በአጥሩ ላይ ሳይ ጫጩቶቹ ሥሩ ክብ ሠርተው ተኝተዋል።