አንድ ዓይነት ላሚኔት፣ ሁለት ክፍሎች፦ ከ14 ወራት በኋላ

ሳሎኑን ባለሙያ አነጠፈው፤ መኝታ ክፍሉን ከሁለት ሳምንት በኋላ እኔው ራሴ ሠራሁት። ሁለቱም ባለ 8 ሚሊ ሜትር ላሚኔት (እየተቆላለፈ የሚነጠፍ እንጨት መሰል የወለል ጣውላ) ናቸው፣ አብረው የተገዙ። መኝታ ክፍሉ ዛሬም ጠጣር ነው፤ ሳሎኑ ግን በአምስተኛው ወር ታመመ።

ባለሙያው ካርቶኖቹ በገቡበት ዕለት ጀምሮ በዚያው ዕለት ጨረሰ። የዳር ጣውላዎቹን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ሲገጥማቸው ጥንቃቄ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አየሩ ሲረጥብ የሳሎኑ መካከል ወደ ላይ ተነፋ፤ ስንረግጠው ይሰምጥና ተመልሶ ይነሣ ጀመር። የላሚኔት ሆድ የታመቀ የእንጨት ጭረት ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ጣውላዎቹ ተቆላልፈው እንደ አንድ ሰሌዳ ስለሚንቀሳቀሱ፣ ዳር ላይ መላወሻ ካጡ የሚሄዱት ወደ ላይ ነው።

ዞኮሎውን (በግድግዳው ግርጌ የሚመታውን ጠርዝ) አንሥተን የወለሉን ዙሪያ 10 ሚሊ ሜትር ቆረጥን። ወለሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተኛ፤ የሁለት ጣውላዎች መቆለፊያ ግን ተሰብሮ ስለነበር ከትርፉ መተካት ግድ ሆነ። ትርፍ ጣውላ አትጣሉ።

መኝታ ክፍሉ ውስጥ ካርቶኖቹን ሳልከፍት ለ48 ሰዓት አስተኛኋቸው። በሲሚንቶው ወለል ላይ የ2 ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ እያጋደምኩ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የጎደለውን ሞላሁ። ይህ ከማንጠፉ የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ዛሬ ስረግጠው ድምፅ የማይሰማው ግን በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ከሲሚንቶው እርጥበት እንዳይወጣ ፕላስቲክ፣ ከላዩ ከላሚኔት ሥር የሚነጠፈውን ስስ ስፖንጅ አንድ ንብር ዘረጋሁ። ለእግር እንዲለሰልስ ሁለት ስፖንጅ ልደርብ ነበር፤ ከሥር የሚሰምጥ ወለል መቆለፊያውን እንደሚሰብር ስረዳ ተውኩት። በግድግዳው ዙሪያና በበሩ መቃን ሥር በሽብልቅ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ጠብቄ፣ ሲያልቅ ሽብልቆቹን አወጣሁ። ክፍተቱን የሚሸፍነው ዞኮሎ የሚመታው ግድግዳው ላይ ነው፤ ወለሉ ላይ ከተመታ ወለሉን መልሶ ያስረዋል። የጣውላዎቹን ጫፍ መጋጠሚያ በየረድፉ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር አዛነፍኩ።

የጣውላው ገጽ ራሱ አላሳፈረኝም፤ የወንበር እግር እስካሁን አልጫረውም። ውኃን ግን አይችልም። አንድ ሌሊት በመስኮት ሥር የተረሳ እርጥብ ጨርቅ የመጋጠሚያውን ጠርዝ አሳበጠው፤ ከደረቀም በኋላ አልተመለሰም። አሁን የምናጸዳው በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ብቻ ነው።