ቲኮ ወይስ ኮፐርኒከስ? በትንሽ ቴሌስኮፕ የቱን ማየት ይሻላል

ሁለቱም ብዙ ሳይፈለጉ የሚገኙ የጨረቃ ጉድጓዶች ናቸው። ቲኮ በስተደቡብ፣ በነጣው ደጋማ ክፍል ላይ ነው፤ ስፋቱ 85 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ኮፐርኒከስ 93 ኪሎ ሜትር ገደማ ሰፍቶ በጠቆረው የባዛልት ሜዳ ላይ ለብቻው ተቀምጧል።

ጨረቃ ስትሞላ ፉክክር የለም፣ ቲኮ ያሸንፋል። ከእሱ የተረጩት ነጫጭ ጭረቶች እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ስለሚዘረጉ 10×50 ባይኖኩላር (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ይበቃል። ዕድሜው 108 ሚሊዮን ዓመት ያህል ብቻ በመሆኑ ጭረቶቹ ገና አልደበዘዙም፤ ኮፐርኒከስ ግን 800 ሚሊዮን ይጠጋል። የቲኮን ጠርዝ ልብ በሉ፤ ዙሪያውን የከበበው ጠቆር ያለ ቀለበት ጉድጓዱን በፈጠረው የጠፈር ድንጋይ ግጭት ቀልጦ የረጋ ድንጋይ ነው።

ለቅርጽ ከሆነ ግን ኮፐርኒከስ ይበልጣል፣ ያውም በሰፊው። ጨረቃ ከተወለደች በ9ኛው ቀን አካባቢ፣ ፀሐይ ስትወጣበት፣ በ100 እጥፍ ማጉያ እዩት። የውስጥ ግድግዳው እንደ እርሻ እርከን ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ መሐሉ ላይ ተራሮች ብቅ ብለዋል። ኤራቶስቴነስ በሚባለው ጎረቤት ጉድጓድ በኩል ደግሞ ተፈናጥሮ የወደቀ ድንጋይ የቆፈራቸው ትንንሽ ጉድጓዶች በሰንሰለት ተደርድረዋል። ቲኮ በጥልቀት ቢበልጥም (4.8 ለ3.8 ኪሎ ሜትር) በአሮጌ ጉድጓዶች ስለተጨናነቀ ጀማሪን ያምታታል።

የተለመደው ስህተት ሙሉ ጨረቃ ጠብቆ ግድግዳ መፈለግ ነው፤ ያኔ ጥላ ስለሌለ ጥልቀቱ ይጠፋል። የኒውተን ዓይነት (በመስታወት የሚሠራ) ቴሌስኮፕም ምስሉን ስለሚገለብጥ ካርታውን ገልብጣችሁ ያዙ።