ስታዲየም አካባቢ ያለው የኮሌጅ ስፖርት ካፌ፦ ለሰሌዳው ሲባል የሚኬድበት ቤት

በአዲስ አበባ መሀል ከተማ፣ ከስታዲየም ወደ አምባሳደር በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ቅዳሜ ምሽት የአሜሪካ ኮሌጆችን ውድድር የሚያሳይ ካፌ አለ። በአካባቢው ያሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች በዚያው ሰዓት በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ተይዘው ስለሚያመሹ፣ ወደዚህ ቤት የሚመጡት በአብዛኛው እዚያ ተምረው የተመለሱ ሰዎች፣ ልጆቻቸውን ለትምህርት የላኩ ወላጆችና ቅርጫት ኳስ የሚወዱ ወጣቶች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቤቱን አገልግሎት መገምገም ነው፤ ሆኖም ቤቱ ከሌሎች የሚለየው የኮሌጅ ኮንፈረንሶችን፣ ማለትም ኮሌጆች ተሰባስበው እርስ በርስ የሚወዳደሩባቸውን ማኅበራት፣ መፍረስና መስፋፋት ለደንበኞቹ በማስረዳቱ በመሆኑ፣ ጉዳዩን ራሱን ሳያነሡ አገልግሎቱን መመዘን አይቻልም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ወደ አዳራሹ ሲገባ በስተግራ በኩል ግድግዳው ላይ አረንጓዴ የተቀባ ትልቅ ኮምፖርሳቶ ተሰቅሏል። ኮንፈረንሶቹ በዓምድ በዓምድ ተከፍለው፣ የእያንዳንዱ ኮሌጅ ስም በትንሽ ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ በምስማር ተንጠልጥሏል። አንድ ኮሌጅ ኮንፈረንስ ሲቀይር የቤቱ ባለቤት ቆርቆሮውን አንሥተው ወደ አዲሱ ዓምድ ያዛውሩታል፤ ከሥሩም የተዛወረበትን ዓመት በጠመኔ ይጽፉበታል። ፓክ ትዌልቭ በተባለው የምዕራብ ዳርቻ ኮንፈረንስ ዓምድ ላይ የአሥር ኮሌጆች ምስማር ተነቅሎ ቀዳዳው ብቻ ቀርቶ ነበር። ባለቤቱ ቀዳዳዎቹን በስቱኮ አላስደፈኗቸውም፤ ለእኔ ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ምክንያቱም አዲስ የመጣ ተመልካች ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው፤ የሚጠይቀውም ስለዚያው ነው።

ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በጊዮርጊስና በቡና ፉክክር ያደገ ሰው የሚያውቀው ሊግ፣ ቡድን በውጤቱ የሚወጣበትና የሚወርድበት በመሆኑ፣ «ጋሼ፣ ስንት ቡድን ወርዶ ነው ይህ ሁሉ ባዶ የሆነው?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቱም ሳይሰለቹ «እዚያ ወራጅ የለም ልጄ፤ አባል የሚኮነው በነባሮቹ ድምፅ ነው፤ ድምፁን የሚስበው ደግሞ የቴሌቪዥን ውል ነው» ይላሉ። ከዚያም ጨዋታው እስኪጀመር ድረስ ታሪኩን ከሥሩ ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ፣ ማለትም ኤን.ሲ.ኤ.ኤ.፣ የእግር ኳስ (በዚህ ጽሑፍ እግር ኳስ የሚባለው የአሜሪካው ፉትቦል ነው) ጨዋታዎችን የቴሌቪዥን መብት ጠቅልሎ የመያዝ ሥልጣን እንደሌለው ወሰነ፤ ከዚያ ወዲህ ኮሌጆችና ኮንፈረንሶች ጨዋታቸውን ራሳቸው መሸጥ በመቻላቸው፣ የአንድ ኮንፈረንስ ጉልበት የሚለካው በያዛቸው ስሞችና በሚሰበስበው ተመልካች ሆነ።

የፓክ ትዌልቭ መፍረስ በሰሌዳው ላይ ከሚነገሩት ታሪኮች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ባለቤቱም ጊዜ የሚሰጡት ለእርሱ ነው። መነሻው በ2021 ቴክሳስና ኦክላሆማ ቢግ ትዌልቭ የተባለውን ኮንፈረንስ ለቀው ወደ ደቡብ ምሥራቁ ኮንፈረንስ ወደ ኤስ.ኢ.ሲ. እንደሚገቡ ማስታወቃቸው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ወር መጨረሻ ላይ በሎስ አንጀለስ የሚገኙት ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. እና ዩ.ኤስ.ሲ. ወደ ቢግ ቴን ኮንፈረንስ መሄዳቸውን ሲያሳውቁ፣ ፓክ ትዌልቭ ትልቁን የቴሌቪዥን ገበያውን አጣ። የነበረው የስርጭት ውል በ2024 ስለሚያበቃና አባላቱን ከዚያ በኋላ አስሮ የሚያቆይ ስምምነት ስላልነበረ፣ አዲስ ውል ሳይፈረም በዘገየ ቁጥር የቀሩት ዓይናቸው ወደ ውጭ ማማተር ጀመረ። በሐምሌ 2023 ኮሎራዶ ወደ ቢግ ትዌልቭ ለመመለስ ወሰነ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ኦገስት 4፣ ኦሪገንና በሲያትል የሚገኘው ዋሽንግተን ቢግ ቴንን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ደግሞ ቢግ ትዌልቭን መረጡ። ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ፣ የፓስፊክ ዳርቻ ኮሌጆች ሆነው ሳለ፣ በዳላስ ከሚገኘው ከኤስ.ኤም.ዩ. ጋር ወደ አትላንቲኩ ኮንፈረንስ ወደ ኤ.ሲ.ሲ. ገቡ፤ ኤስ.ኤም.ዩ. ለመግባት ሲል ለዘጠኝ ዓመት ከኮንፈረንሱ የቴሌቪዥን ገቢ ድርሻውን ላለመውሰድ ተስማማ። ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻቸውን ቀሩ። ምንም ዓይነት የሜዳ ጥፋት ሳይኖርባቸው፣ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ቤት በቀናት ውስጥ በላያቸው ላይ ፈረሰባቸው፤ ይህን ሲሰሙ ከጠረጴዛው ዙሪያ የሚነሣው ቁጭት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱ ኮሌጆች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። አንድ ኮንፈረንስ በከፍተኛው የእግር ኳስ ደረጃ እውቅና የሚያገኘው ቢያንስ ስምንት ቡድን ሲኖረው ስለሆነ፣ በተሰጣቸው የሁለት ዓመት ፋታ ውስጥ ቦይዚ ስቴትን፣ ኮሎራዶ ስቴትን፣ ፍሬዝኖ ስቴትን፣ ሳን ዲዬጎ ስቴትንና ዩታ ስቴትን ማውንቴን ዌስት ከተባለው ኮንፈረንስ አመጡ፤ በቅርጫት ኳስ የሚታወቀው፣ የእግር ኳስ ቡድን የሌለው ጎንዛጋም ተጨመረ፤ ስምንተኛውን የእግር ኳስ ቦታ ቴክሳስ ስቴት ሞላ። የእነዚህ አባልነት የሚጸናው ከጁላይ 2026 ጀምሮ ነው። በሰሌዳው ላይ የጎንዛጋ ቆርቆሮ በብርቱካናማ ቀለም ተቀብቶ መለየቱ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ «ዘጠኝ ኮሌጅ ሆኖ እንዴት ስምንት ቡድን ይባላል?» የሚለውን ክርክር በአንድ ዕይታ ይዘጋዋል።

ስለ ሰዓቱም መነገር አለበት። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል እኩለ ቀን ላይ የሚጀመር ጨዋታ እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይታያል፤ እነርሱ በኅዳር መግቢያ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ ወደ 2 ሰዓት ይሸጋገራል። የምዕራብ ዳርቻ ቡድኖች በሜዳቸው በማታ ሲጫወቱ ግን እኛ ጋ እሑድ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ይሆናልና ካፌው ክፍት አይደለም። ዋሽንግተን ወይም ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ወደ ምሥራቅ ተጉዘው በእኩለ ቀን ሲጫወቱ ለአዲስ አበባ ተመልካች በምሽት ይደርሱለታል፤ ለተጫዋቾቹ ሰውነት ግን ያው ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት ነው። እኛ በምቾት የምናየው በእነርሱ እንቅልፍ ዋጋ መሆኑን ባለቤቱ ከስክሪኑ በላይ በሰቀሏቸው ሁለት ሰዓቶች፣ አንዱ በሲያትል ሌላው በአዲስ አበባ አቆጣጠር፣ በግልጽ ያሳያሉ።

ቅሬታዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሰሌዳውም ገለጻውም ያተኮሩት በእግር ኳስና በወንዶች ቅርጫት ኳስ ላይ ሲሆን፣ የኮንፈረንስ መስፋፋት ከባድ ሸክም የሚወድቀው ግን ብዙ ገንዘብ በማያመጡት ስፖርቶች ላይ ነው። የእግር ኳስ ቡድን በሳምንት አንድ ጊዜ ይጫወታል፤ የመረብ ኳስ ወይም የሶፍትቦል ቡድን ግን በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ ይጓዛል፤ ከሲያትል እስከ ሌላው የቢግ ቴን አባል፣ እስከ ኒው ጀርሲው ረትገርስ፣ ያለው የአየር ርቀት ወደ 3,900 ኪሎ ሜትር ነው፤ ተጓዦቹም ፈተና ያለባቸው ተማሪዎች ናቸው። አትሌቲክስ ደግሞ በዚህ ከተማ በሁሉም ስፖርት ፊት የሚቀመጥ ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ያሬድ ንጉሤ በ2019 የአሜሪካ ኮሌጆች የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን የሆነው ለኖትር ዳም ሮጦ ነው፤ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክም በዚያው ርቀት ነሐስ አግኝቷል። ኖትር ዳም በእግር ኳስ የማንም ኮንፈረንስ አባል ሳይሆን በአትሌቲክስና በአብዛኞቹ ስፖርቶች ግን የኤ.ሲ.ሲ. አባል ነው። ይህን ያህል ለእኛ የቀረበ ምሳሌ እያለ፣ የኖትር ዳም ቆርቆሮ ከሰሌዳው ጥግ «ነፃ» ተብሎ ብቻውን መንጠልጠሉ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው።

ስለ መስተንግዶው ብዙ የሚባል የለም። ማኪያቶው ጥሩ ነው፤ ሳምቡሳው ከመጀመሪያው አጋማሽ በኋላ ያልቃል፤ ዋጋው ከአካባቢው ካፌዎች አይለይም፤ ለመግቢያም አይከፈልም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ፈጥኖ ይነሣል። ከሕንፃው ምሰሶ ጀርባ ያሉት ሁለት ጠረጴዛዎች ስክሪኑን ስለማያሳዩ ቢነሡ ይሻላል። ሊፍት ስለሌለ ደረጃ መውጣት ለሚከብደው ሰው ቤቱ አይመችም።

ቤቱ ከአሁኑ ሊዘጋጅበት የሚገባው አንድ ጉዳይ ቀርቷል። ክሌምሰንና ፍሎሪዳ ስቴት ከኤ.ሲ.ሲ. ጋር የነበራቸውን ክስ በ2025 በስምምነት ሲዘጉ፣ ኮንፈረንሱን ለመልቀቅ የሚከፈለው ገንዘብ በየዓመቱ እየቀነሰ ሄዶ በ2030–31 የውድድር ዘመን 75 ሚሊዮን ዶላር እንዲደርስ ተወስኗል። የቢግ ቴን የስርጭት ውል በ2030፣ የቢግ ትዌልቭ ደግሞ በ2031 ያበቃል። የመውጫው ዋጋ የሚረክስበትና አዳዲስ ውሎች የሚፈረሙበት ጊዜ ስለተገጣጠመ፣ ቀጣዩ ትልቅ ዝውውር በእነዚያ ዓመታት እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ባለቤቱ ከእያንዳንዱ ዓምድ ራስ ላይ የውሉን ማብቂያ ዓመት ቢጽፉ፣ ደንበኛው ማን ሊሄድ እንደሚችል ብቻ ሳይሆን መቼ ሊሄድ እንደሚችልም ራሱ ማንበብ ይችላል። ካፌውን የኮሌጅ ስፖርት ለጀመረ ሰው፣ በተለይም ልጁን ወይም እኅቱን በስፖርት ስኮላርሺፕ ለመላክ ለሚያስብ ቤተሰብ፣ ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ገለጻው የሚጀመረው ከጨዋታው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ በመስከረምና በጥቅምት ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ደርሶ በሰሌዳው በኩል ያሉትን ወንበሮች መያዝ ይሻላል።