ኦዞን ወይስ ሪፐር? የመጨረሻውን የድምፅ መጠንና ቻናሎችን ለመቆጣጠር

አራት ኪሎ ባለችው ትንሽ ስቱዲዮዬ ጎራ የሚሉ አቀናባሪዎች ለማስተሪንግ፣ ማለትም ያለቀውን ዘፈን ለመጨረሻ ጊዜ አስተካክሎ ለማውጣት፣ ኦዞን የተባለውን የማስተሪንግ መሣሪያ ይግዙ ወይስ ሪፐር የተባለው የድምፅ መቅረጫና ማቀናበሪያ ፕሮግራም ይበቃቸው እንደሆነ ደጋግመው ይጠይቁኛል። መልሴ ሪፐር ነው። ምክንያቱን በቃል መደጋገም ስለሰለቸኝ እዚህ አስፍሬዋለሁ፤ የኢኳላይዘሩንና የኮምፕረሰሩን ነገር ትቼ፣ የሚወጣው ድምፅ መጠን የሚለካበትንና የግራና የቀኝ ቻናል የሚደመጥበትን መንገድ ብቻ አነጻጽራለሁ።

ዋጋውን እናስቀድም። የዓመት ገቢው ከ20,000 ዶላር ለማይበልጥ ሰው የሪፐር ፈቃድ 60 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያገኝ 225 ዶላር ይከፍላል። ለስሌት እንዲመች ዶላሩን በ150 ብር ብንይዘው፣ 60ው ዶላር 9,000 ብር ይመጣል። የኦዞን ትልቁ ስሪት መደበኛ ዋጋ 500 ዶላር ገደማ ስለሆነ በዚያው ሒሳብ ወደ 75,000 ብር ይጠጋል። በቅናሽ ወቅት ዋጋው ቢወርድም ኦዞን ፕለጊን በመሆኑ የሚከፈትበት ሌላ ፕሮግራም ያስፈልገዋል፤ ብዙዎቹ ገዢዎች ይህን ወጪ ከሒሳቡ ይዘነጉታል። ከሁሉ በላይ እኔን ያሳመነኝ ግን የማሻሻያው ክፍያ ነው። አንድ የሪፐር ፈቃድ ለሁለት ዋና ስሪቶች ስለሚያገለግል፣ በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ስድስተኛውን ስሪት የገዛ ሰው በ2023 የወጣውን ሰባተኛውን ያለ ምንም ጭማሪ ይጠቀማል። በዚያው ዓመት ኦዞን 9ን የገዛ ሰው ግን በ2022፣ በ2023 እና በ2025 ተከታዮቹ ስሪቶች ሲወጡ ወይ እንደገና ከፍሏል ወይ በያዘው ተወስኗል።

"ታዲያ ክራኩን፣ ፈቃድ የሌለውን ቅጂ፣ በርካሽ አስጭናለሁ" የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ ኦዞን ያለበትን "ሙሉ ፓኬጅ" በ1,500 ብር ላፕቶፔ ላይ ሲጭንልኝ፣ ጫኚው ከሁሉ አስቀድሞ ፀረ ቫይረሱን አጠፋው፤ መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነበር። በሳምንቱ የደንበኛ ዘፈን ወደ ፋይል ሳወጣ ድምፁ በየመሐሉ ለአፍታ እየተቋረጠ ወጣ። ከዚያ አልፎ ቫይረሱ የሁለት ዓመት ሥራ ወዳለበት ውጫዊ ዲስኬ ተዛመተ፤ ላፕቶፑን ለማስፎርማትና ፋይሎቹን ለማስመለስ 4,000 ብር ከፈልኩ። ጠቅላላ ወጪው 5,500 ብር፣ ማለትም ከሕጋዊው የሪፐር ፈቃድ ዋጋ ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው።

ወደ ድምፅ መጠኑ ስንመጣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ወጥመድ አለባቸው። በሪፐር የማስተር ፌደሩ (የአጠቃላዩ ድምፅ ማንሸራተቻ) የሚሠራው ከፕለጊኖቹ በኋላ ነው፤ በኦዞንም የመውጫው ማንሸራተቻ ድምፁን ከሚያጎላው ማክሲማይዘር በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ሊሚተሩን (ድምፁ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚያግደውን መሣሪያ) -1 ዲሲቤል ላይ ካቆመ በኋላ ፌደሩን በ2 ዲሲቤል ከፍ ያደረገ ሰው የሠራውን ጣሪያ ራሱ አፍርሶታል። ድምፁ ካነሰ መጨመር ያለበት ወደ ሊሚተሩ ከሚገባበት በኩል ነው። ከሪፐር ጋር የሚመጣው ሪያሊሚት የተባለው ሊሚተር ትሩ ፒክን (ድምፁ በእርግጥ የሚደርስበትን ከፍተኛ ጫፍ) መጠበቅ ይችላል፤ የሉፍሱን (ጆሮ የሚሰማው የድምፅ መጠን መለኪያ) ንባብ ደግሞ ነፃው የዩሊን ላውድነስ ሜትር በአግባቡ ያሳያል። ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ጯሂውን ሥራ ወደ -14 ሉፍስ ገደማ ስለሚያወርዱት፣ በ-7 ያስረከበ ሰው የሚተርፈው የተደፈጠጠ ከበሮ ብቻ ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ቻናሎችን በማዳመጥ ላይ ነው። ኦዞን ስቴሪዮውን ወደ ሞኖ (ግራና ቀኙ ተደምረው ወደሚወጡበት አንድ ድምፅ) የሚያጣምርና ግራና ቀኙን የሚያቀያይር ቁልፍ ከመውጫው ሜትር ጎን አለው፤ አመቺ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በማስተር ላይ የተቀመጠ ፕለጊን የሚያደርገው ነገር ሁሉ ከፋይሉ ጋር ይወጣል። እኔ በዚሁ ቁልፍ አንድ ሙሉ ዘፈን በሞኖ አስረክቤ፣ ደንበኛው ከሁለት ቀን በኋላ "ክራሩ ከቀኝ የት ሄደ?" ብሎ ደውሎልኛል። ሪፐር ሞኒተሪንግ ኤፍኤክስ የሚባል የተለየ ሰንሰለት ስላለው፣ በእሱ ላይ የምናስቀምጠው መሣሪያ ጆሯችን ዘንድ ይደርሳል እንጂ ወደ ፋይሉ አይገባም። ሞኖ ማድረጊያውን፣ ሜትሩንና የቮክሴንጎን ነፃ የድምፅ መመርመሪያ፣ ስፓንን፣ እዚያ አስቀምጬ ከረሳኋቸው ጊዜ ወዲህ እንዲህ ያለ ስልክ አልተደወለልኝም።

ሞኖውን ማዳመጥ ለእኛ ቅንጦት አይደለም፤ አድማጩ ዘፈናችንን በታክሲ ውስጥ በአንድ ስፒከር ወይም በስልክ ነው የሚሰማው። በአንድ ወቅት ማሲንቆውን በስቴሪዮ ማስፊያ አብዝቼ በመለጠጤ ስልክ ላይ ጨርሶ ጠፍቶብኛል፤ ግራና ቀኙ ሲደመሩ ተጣፍተው ነበር። የግራና የቀኙን መስማማት የሚያሳየው የስፓን የኮሪሌሽን ሜትር ከዜሮ በታች መውረዱን ያን ጊዜ ባየው ኖሮ ሥራውን ደግሜ ባልሠራሁት ነበር።

ኦዞን በአንድ ነገር ይበልጣል። ጌን ማች የሚለው አማራጩ፣ የተሠራውንና ያልተሠራውን ድምፅ በእኩል መጠን ስለሚያሰማ፣ ጮክ ያለውን ሁሉ "የተሻለ" ብሎ ከመሸወድ ያድናል። በሪፐር ይህን በእጅ፣ የሉፍሱን ልዩነት አንብቦ በመቀነስ መሥራት ግድ ነው፤ እኔን ግማሽ ደቂቃ ያህል ይወስድብኛል። በየቀኑ አምስትና ስድስት ዘፈን የሚያስረክብ ሰው ለዚያ ምቾት ኦዞንን ቢገዛ አልፈርድበትም።

የሚያመነታ ሰው ሪፐርን 60 ቀን በነፃ መሞከር ይችላል፤ የዊንዶውሱ መጫኛ 20 ሜጋባይት ስለማይሞላ በስልክ ዳታም ይወርዳል። በዶላር መክፈያ ካርድ ከሌለው፣ እኔ እንዳደረግሁት፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከፍሎለት የፈቃዱን ቁልፍ በኢሜይል ይልክለታል።